ቡፌ ውስጥ የምትኖር መንኮራኩር

ባለፈው የገና ሰሞን ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችን አንድ ትልቅ ካርቶን ገባ። «ገባ» ስላችሁ እንዲሁ ዘው ብሎ የገባ እንዳይመስላችሁ። ከአሜሪካ የተነሳው በሰው ሻንጣ ነው። አምጪው ሰው ያረፈው ሲኤምሲ ነው። ከሲኤምሲ ገላን ድረስ በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ። ደረጃው ላይ ያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ «ቲቪ ነው?»፣ «ማይክሮዌቭ ነው?» ይለኛል። የጠፈር መንኮራኩር ነው ብዬ ብመልስ ነገ ጠበል የሚወስደኝ ሰው አይጠፋም። «ዕቃ ነው» እያልኩ ወጣሁ።

የላከው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሄደ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ልጆች ሳለን አቃቂ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ነበር ቤታችን። የሌላው ሰፈር ልጅ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠራ ወንድሜ ከሰርዲን ጣሳ መንኮራኩር ይሠራ ነበር። ቪዲዮ ቤት ገብቶ «ስታር ትሬክ» የሚባለውን ፊልም ካየ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። የጅቡቲው ባቡር እየጮኸ ሲያልፍ «ይሄ ባቡር እኮ ጅቡቲ ላይ አይቆምም፤ ከዚያ ወደ ላይ ይቀጥላል» ይለኝ ነበር። እኔም ታላቅ ሆኜ አምነው ነበር!

ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል። «ኢንተርፕራይዝ ናት። የተሠሩት ቁጥራቸው ውስን ነው። ካልተከፈተች ዋጋዋ በየዓመቱ ይጨምራል። እንዳትከፍቷት። ስመጣ አብረን እንከፍታታለን።»

የቤታችን ጭቅጭቅ የተጀመረው ከዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። «ስመጣ» የሚለውን ቃል እናታችን ሃያ አንድ ዓመት ሰምታዋለች። ወረቀቱ አላለቀለትም፣ ሥራው አልፈቀደለትም፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ሌላ መጣ። ሁሉም መጣ፤ እሱ ብቻ አልመጣም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «ይከፈት!» አለች። እኔ «ይቀመጥ፤ ንብረቱ ነው» አልኩ። እናቴ ምንም አላለችም። ካርቶኑን አቅፋ ወሰደችና ቡፌው አናት ላይ አስቀመጠችው፤ ዳንቴልም አለበሰችው።

እስቲ ስለ ቡፌ ትንሽ እናውራ። ፈረንጆቹ ያልተከፈተ አሻንጉሊት በካርቶኑ አስቀምጠው ሲመለከቱት ውለው ያድራሉ ሲባል እንስቃለን። እኛስ? የሠርጋችንን ብርጭቆ ሃያ አምስት ዓመት ውኃ ሳናስነካ ቡፌ ውስጥ የምናቆም፣ የሶፋውን ላስቲክ ሳንገፍ የምናረጅ፣ የሪሞቱን ፌስታል በስኮች አጥብቀን የምናስር ሰዎች አይደለንም እንዴ? ጠርዙ ወርቅማ የሆነው ሲኒ የሚወጣው ለእንግዳ ነው፤ ያ እንግዳ ግን መጥቶ አያውቅም። ሰብሳቢነትን ከማንም አልተማርነውም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ካርቶኑን ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር የአገራችን ታሪክ እየመጣ ይሞግተኝ ጀመር። ከውጭ የመጣውን ሳጥን መክፈት ወይስ ማስቀመጥ የሚለው ጥያቄ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ቤተ መንግሥትም የኖረ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ። ስጦታው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ድምፁ የተቀረጸበት ሲሊንደር ይሰበር። የንግሥቲቱ ድምፅ በየገበያው እንዳይዞር መሆኑ ነው። አስቡት፤ ከአንድ ትልቅ መንግሥት የመጣ፣ በዓለም ላይ ሁለተኛ የሌለው ዕቃ! ዛሬ ቢኖር ስንት ይሸጥ ነበር? ግን የተላከው እንዲሰማ እንጂ እንዲቀመጥ አልነበረም፤ ተሰማ፣ ተሰበረ። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ምኒልክና ጣይቱ በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ሰደዱ። የእነሱ ድምፅ አልተሰበረምና እስከ ዛሬ አለ። ምኒልክ መሣሪያው መጋዘን ይቀመጥ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሁለቱን ድምፅ የምንሰማው ከየት አምጥተን ነበር?

ይህን ያነበበ «ሁሉም ይከፈት!» ሊል ይችላል። ቆይ፣ ሌላም አለ።

በአገራችን ሰማይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የታየው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል ፈረንሳይ ሠራሽ ሲሆን ያረፈውም ገፈርሳ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ተፈሪ፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጥቂት ሌሎችንም አስገቡ። ከእነዚያ መሐል በስጦታ የመጣች ጂፕሲ ሞዝ የምትባል አንዲት ትንሽ እንግሊዝ ሠራሽ አውሮፕላን ነበረች። ንጉሡ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩዋት ነበረች። በዚያው ዘመን ከሐርለም የመጣ፣ ትውልዱ ትሪኒዳድ የሆነ፣ ሁበርት ጁሊያን የሚባል ጥቁር አብራሪ በአገራችን ነበር። ወሬው ከክንፉ የሚበልጥ ሰው ነው ይሉታል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለሚደረገው የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ ያቺን አውሮፕላን አስነስቶ ከሰከሳት። ንጉሡም ተቆጥተው ከአገር አስወጡት። የማይነካ ዕቃ ሲነካ እንዲህም ይሆናል። ልጄ ወንበር ይዛ ወደ ቡፌው ስትጠጋ ጁሊያን ትዝ እያለኝ «ውረጂ!» የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛዋ ደግሞ ከሁሉም ታሳዝነኛለች። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣልያን ጦሩን እያስጠጋ ባለበት ጊዜ፣ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በአገራችን አንዲት አውሮፕላን ሠሩ። ስሟም በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ «ፀሐይ» ተባለች። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ወደ ሮም ወሰዳት። በዚያም ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆማ ኖረች። በእኛ አነጋገር ሰው ቡፌ ውስጥ ገባች ማለት ነው። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ተቀምጣ ስለኖረች አልጠፋችም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋት የአገሬው ልጅ ክንፏን አይቶ «እኔም እሠራለሁ» ሳይል ቀረ። ተቀምጦ መትረፍና መኖር አንድ አይደሉም።

እንግዲህ አንዱ ታሪክ ክፈት ይላል፣ አንዱ አትንካ ይላል። በመሐል ሆኜ ግራ ሲገባኝ ያስታረቀኝ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ስለ ጠፈር ጉዞ ከተነሳ የእኛ ቀደምት መንገደኛ ሄኖክ አይደል? ወደ ሰማይ ተወስዶ የፀሐይን መውጫና መግቢያ በሮች፣ የነፋሳትንና የበረዶን መዝገቦች አየ የሚለው መጽሐፍ በሌላው ዓለም ጠፍቶ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲደርስ ሊቃውንቱ ጉድ አሉ። የአረማይስጡ ቁርጥራጭ በቁምራን ዋሻዎች የተገኘው ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው።

የእኛው ለምን ተረፈ? ማኅደር ውስጥ ስለተቀመጠ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ብራና በማኅደር ብቻ ቢተው ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። የተረፈው ከማኅደሩ እየወጣ ስለተነበበ፣ ስለተገለበጠ፣ ጸሐፊው ሲያረጅ ተማሪው ስለቀጠለው ነው። ማኅደሩ የተሠራው መጽሐፉ ወጥቶ እንዲመለስበት እንጂ ተዘግቶ እንዲቀርበት አይደለም። ይህችን ካሰብኩ በኋላ ልቤ ወደ ልጄ ወገን አደላ።

ለመሆኑ ይቺ ኢንተርፕራይዝ ማን ናት? «ስታር ትሬክ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1966 ነው። ለቀረጻ የተሠራችው መንኮራኩር 3 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ርዝመት ነበራት፤ አብዛኛው አካሏም እንጨት ነው። ፊልሙ ሲቋረጥ ተረሳች፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ዋሽንግተን ላለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ተሰጠች። ለዓመታት የቆመችው በሙዚየሙ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነበር። ታድሳ በክብር ቦታ የተቀመጠችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ1976 ደግሞ የፊልሙ ወዳጆች ለፕሬዚዳንት ፎርድ በደብዳቤ ጎርፍ ወትውተው የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኮራኩር በስሟ እንድትጠራ አስደረጉ። የሚያስቀው፣ ያቺ እውነተኛዋ ኢንተርፕራይዝ መሞከሪያ ብቻ ነበረችና አንድም ቀን ጠፈር አልደረሰችም።

ወንድሜን የያዘችው ግን መንኮራኩሯ ብቻ አልነበረችም። በውስጧ ኡሁራ የምትባል ጥቁር መኮንን ነበረች። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፤ ነጻነት ማለት ነው። ተዋናይዋ ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልተወው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት «እንዳትለቂ» እንዳላት እሷ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ኋላም ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ሲመለምል አብራ ሠርታለች። የአቃቂው ልጅ በዚያች ትንሽ የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየው ይህንን ነው፦ እዚያም ላይ እኛን የሚመስል ሰው አለ።

የእኛም ሰዎች መንኮራኩር በሰማይ ላይ አቁመው ፊልም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ያዘጋጀው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም በአማርኛ የሚነገር ነው፤ ርእሱ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል። ዓለም ካለፈች በኋላ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አንዲት አሮጌ መንኮራኩር ተንጠልጥላ ትታያለች። የተረፉት ሰዎች ከፋብሪካ የወጣ ተራ የላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይዘው ዋጋ ይተምኑለታል፤ የማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ቆሞ የሚጸልይም አለ። ፊልሙን ሳየው ስቄ ነበር። ዳንቴል የለበሰውን የእናቴን ካርቶን ካየሁ ወዲህ ግን ሳቁ ቀርቷል።

ደግሞም ሰማዩ ሩቅ አይደለም። የገላንን በረንዳዎች ቁጠሩ፤ ዲሽ ያልሰቀለ ቤት ካገኛችሁ ንገሩኝ። ሁሉም አንገቱን ወደ ሳተላይት ቀና አድርጎ ነው የሚያድረው። የራሳችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትተኮስ በማለዳ እንጦጦ ተሰብስበው ያዩ ነበሩ። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከአንድ ሰው ብዙም አትበልጥም። እድሜዋም አጭር እንዲሆን ታስቦ ነው የሄደችው። ማንም ግን «እንዳታልቅብን በካርቶኗ ትቀመጥ» አላለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በጥምቀት ማግስት እናቴ ቁርስ ላይ ቡናዋን እየጠጣች «ካርቶኑን አውርደው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ስመጣ ብሏል እኮ።»

«እሱ እስኪመጣ እኔ የት እጠብቀዋለሁ? ይልቅ ደውልለት፤ እያየ ይከፈት።»

ዝም አልኩ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ለካ ሰውየው እስኪመጣ የሚጠበቀው ካርቶን ብቻ አይደለም፤ የምትጠብቀውም ታረጃለች።

በቪዲዮ ደወልን። እዚያ ሌሊት ነው፤ ከሥራ ገና መግባቱ ነበር። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ካርቶኑን ስናሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ዋጋዋ እኮ…» ብሎ ጀመረ። እናቴ «ዋጋዋን ተወው፤ አንተ ስትፈታት እንዳይህ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አላነሳም።

ከካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ ስፖንጅ። በስፖንጁ ላይ ነጭ የጨርቅ ጓንት ነበር፤ ልጄ ቀማችን። መጀመሪያ የወጣው ክቡ የፊት አካል ነው። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ይሄ አክንባሎ አይደለም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው፤ የፈረንጅ መንኮራኩር ቁርጥ አክንባሎ ናት! ቀጥሎ ሁለት ረጃጅም ቧንቧ የመሰሉ ሞተሮች፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ መቆሚያዋ ወጡ። ወንድሜ ከማዶ ሆኖ «ቀስ! እሱን ገፍተሽ ሳይሆን አንሸራትተሽ!» እያለ ልጄን ያስተምራል። ልጄ አጎቷን በሕይወቷ በዚህ ርዝመት አነጋግራው አታውቅም። ድሮ «ሰላም ነሽ?»፣ «ትምህርት እንዴት ነው?»፣ «ጎበዝ» ነበር፤ በቃ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቁ።

የመቆሚያው ሁለት ብሎኖች ነበሩ መባሉን ወረቀቱ ይናገራል፤ የተገኘው ግን አንድ ነው። ካርቶኑን አራገፍን፣ ምንጣፉን ገለበጥን፣ የለም። ያን ያህል ገንዘብ ተከፍሎበት ብሎን ይጎድላል? ተናደድኩ። ወንድሜ ግን ሳቀ። «ሽቦ የለም?» አለ።

ሽቦ! ሰርዲን ጣሳ ያቆመች ሽቦ ኢንተርፕራይዝን አታቆምም? ከበረንዳው የልብስ ማስጫ ጫፍ ቆርጬ አሰርኩት። ቆመች።

ባትሪ አብሮ አልመጣም። ሱቅ ልውረድ ስል እናቴ ሪሞቱን አነሳች፤ ስድስት ዓመት ያልተነካውን ፌስታል በጥርሷ ቀደደችና ባትሪዎቹን አውጥታ ሰጠችኝ። እመኑኝ፣ በዚያ ቤት ታሪክ የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ማብሪያውን ስንነካው የፊቷ መስኮቶች በሩ፤ ሁለቱ ሞተሮች ቀይ ሆኑ። ስልኩን ጠጋ አድርገን ለባለቤቷ አሳየነው። ወንድሜ ምንም አልተናገረም። እናቴ «ኔትወርኩ ቆመ እንዴ?» አለች። አልቆመም፤ እያለቀሰ ነበር።

ኢንተርፕራይዝ አሁንም ቡፌው ውስጥ ናት፤ ቁልፉ ግን ተከፍቷል። እሁድ እሁድ ልጄ ታወጣታለች፤ የደረጃው ልጆች ተሰልፈው ያዩአታል፤ አንዱ ልጅም ከሃይላንድ ጠርሙስ የራሱን መሥራት ጀምሯል። የፊቷ ጠርዝ ትንሽ ተፋፍቋል፤ ዋጋዋ ወርዷል ማለት ነው። የሠርጉ ብርጭቆም በዚያው ሳምንት ወጥቶ ውኃ ተጠጣበት፤ አንዱ ተሰበረ፤ ማንም አልሞተም።

እናቴ ግን ባዶውን ካርቶን አልጣለችውም። ስፖንጁን በየቦታው መልሳ፣ አጣጥፋ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጣዋለች። «ምን ያደርግልሻል?» ብላት «ሲመጣ ይዟት ሊመለስ ይፈልግ ይሆናል» አለችኝ።

በየአገሩ ያላችሁ ወንድምና እህቶቻችን፣ ካርቶኑ ይደርሰናል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን እናቶቻችን ካርቶን ሲቀበሉ በቅድሚያ የሚያዩት ዕቃውን ሳይሆን ከኋላው በር ላይ ሌላ ሰው መቆሙን ነው።